ፊዚክስ የደረሰው

ልደታ ካለው የፌዴራል ፍርድ ቤት አቅራቢያ የተደረደሩት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት በባለጉዳይ ነው። የክስ ማመልከቻ ይተየባል፣ መጥሪያ ይባዛል፣ ውክልና ስካን ይደረጋል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን ሌላ ዓይነት ደንበኛ ይጨመርባቸዋል፤ ፍሬሽማን ዓመቱን ጨርሶ ዲፓርትመንት የሚሞላ ተማሪ። አብዛኞቹ በስልካቸው መሙላት ይችላሉ። ኔትወርኩ መሀል ላይ ይቆረጥና ምርጫዬ ይበላሽብኛል የሚለው ፍርሃት ነው ወደዚያ የሚያመጣቸው። ደግሞም እንዲህ ያለ ነገር ሲሞላ ሰው አጠገቡ ሌላ ሰው ቢኖር ይወዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ እናትና ልጅ ነበሩ። ልጅቷ ቅደም ተከተሉን ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፋ ይዛለች፤ ብዙ ተሰርዟል፣ ብዙ ተደልዟል። እናትየው ነጠላዋን አጣፍታ፣ እርጥብ ጃንጥላዋን ወለሉ ላይ እያንጠባጠበች ከልጇ ትከሻ በላይ ስክሪኑን ታያለች።

«ማዘር፣ አንደኛውን ሜዲስን አድርጌዋለሁ፤ ሁለተኛውስ?» አለ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ወጣት።

«እሱን እሷ ናት የምታውቀው። ብቻ ሥራ ያለበት ይሁን የኔ ልጅ።»

ልጅቷ እያነበበች ቀጠለች። ፋርማሲ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ነርሲንግ፣ ባዮቴክኖሎጂ። አምስተኛው ላይ ወረቀቱ አለቀ። ሲስተሙ ደግሞ ሁሉም ቦታ ካልተሞላ አልቀበልም ይላል።

«የቀሩትን እንደመጣልህ ሙላቸው» አለችው።

«እነሱንማ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚሞላቸው» አለና ስታቲስቲክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ጂኦሎጂ፣ ሒሳብ እያለ ወደ ታች ወረደ።

«እንዴ ቆይ! ፊዚክስን ከሁሉም በታች አድርገው።»

«ለምን?» አልኳት፤ አፌ አምልጦኝ ነው።

«ከባድ ነዋ!» አለች፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን እያየችኝ። እናትየው ሳቋ መጣ። «ሜዲስንስ ቀላል ነው እንዴ?»

ሜዲስን ቀላል እንዳልሆነ ልጅቷም እናቷም ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው እዚያው ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ተረኛ ሆነው ያደሩ የሕክምና ተማሪዎች ነጭ ጋዋናቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ጠዋት ታክሲ ሲጠብቁ የአካባቢው ሰው ያያቸዋል። ታዲያ ሁለቱም ከባድ ከሆኑ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች የሚጻፈው ለምንድን ነው?

መልሱ የምደባው አሠራር ውስጥ አለ። ተማሪዎች በአንደኛ ዓመት ውጤታቸው ይደረደራሉ። ከላይ ያለው የፈለገውን ያገኛል፤ ያ ቦታ ሲሞላ ተከታዩ ወደ ሁለተኛ ምርጫው፣ የእሱ ተከታይ ወደ ሦስተኛው እየተገፋ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲዎች በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነጥብን የሚደምር አለ፣ ለሴት ተማሪዎችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች ድጋፍ የሚያደርግ አለ። መሠረቱ ግን ያው ነው። ሰቃዮቹ ሰው ወደሚሻማበት ይሄዳሉ፤ ቦታ የተረፈው ዲፓርትመንት ውጤቱ ላነሰው ይደርሳል። በመሆኑም በጄኔራል ፊዚክስ ሲ ያገኘው ልጅ ቀሪ ዓመታቱን ሙሉ ፊዚክስ እንዲማር ይላካል። በዚያው ኮርስ ኤ የሰቀለው ልጅ ደግሞ ፊዚክስን እምብዛም ዞሮ ሳያየው ሐኪም ሆኖ ይመረቃል።

ይህን ያህል የተገለበጠ ነገር ለዓመታት ሲሠራበት ማንም ብዙም የሚደነቅ አይመስልም። በሰፈር ወሬ የአንድ ትምህርት ክብደት የሚለካው ለመግባት በሚጠይቀው ነጥብ ነው። ከገቡ በኋላ ያለውን ክብደት የሚያወራ ጥቂት ነው፤ የሚያወራውም በሌላ ሚዛን ነው። ሜዲስን ከባድ ነው ሲባል ክብር አለበት። ፊዚክስ ከባድ ነው ሲባል ማስጠንቀቂያ ነው።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. መንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ቅበላውን 70 በ30 አደረገው፤ ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። መስኮቹ በስድስት «ባንድ» ተከፈሉ፤ ኢንጂነሪንግ አንደኛ፣ የተፈጥሮና የስሌት ሳይንስ ሁለተኛ፣ ጤና ሦስተኛ። ሐሳቡ ኢንዱስትሪ ለመገንባት ባለሙያ ያስፈልጋል የሚል ስለነበር በወረቀት ላይ የሚያስቆጣ ነገር የለውም። አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍሎቻቸውን መሙላት ነበረባቸው፤ ሞሉም። የሞሏቸው ግን በአብዛኛው «ምን ደረሰህ?» ተብለው ሲጠየቁ ድምፃቸው የሚቀንስ ልጆች ነበሩ።

በዚያ ዘመን ፍሬሽማን የሚባል ዓመትም አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሰናዶ ትምህርት ሲመጣ የአንደኛው ዓመት የጋራ ትምህርት ተነሥቶ የብዙው መስክ ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆነ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመስል እንኳ ሳያይ፣ በቀጥታ ዲፓርትመንት ውስጥ ይገኝ ነበር። ፍሬሽማን የተመለሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። መመለሱን ከደገፉት አንዱ ነኝ፤ አሁንም እደግፋለሁ። ሆኖም ይህ ዓመት ለመሞከሪያ ከታሰበ መሞከሪያው ጠባብ ነው። ተማሪው ከሎጂክ፣ ከሳይኮሎጂ፣ ከጂኦግራፊና ከእንግሊዝኛ ጋር አንድ የፊዚክስ፣ አንድ የኬሚስትሪ፣ አንድ የባዮሎጂ ኮርስ ይቀምሳል፤ ጂኦሎጂንና ስታቲስቲክስን ጨርሶ ሳያያቸው ደረጃ ያወጣላቸዋል።

በ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ላይ የሆነው ነገር ደግሞ ሒሳቡን ቀየረው። ፈተናው ጥቅምት 2015 ላይ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ፤ ከተቀመጡት ከ896 ሺህ የሚበልጡ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ አዲስ ተማሪ ይቀበሉ የነበሩ ዩኒቨርሲቲዎች ወንበራቸው ባዶ ሆነ፤ የማካካሻው ትምህርት ሬሚዲያል የመጣውም ያኔ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። በወንፊቱ ያለፈው ተማሪ ጥቂት ስለሆነ፣ ያለፈው ልጅ በፊት ከነበሩት ታላላቆቹ የተሻለ የመምረጥ ዕድል አለው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በር ላይ የመውጫ ፈተና ቆሟል፤ ግማሽ ያላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። ሳይወዱት ተሸክመው በሲ እና በዲ መውጣት የሚቻልበት ዘመን እያለፈ ነው።

እንግዲህ ምርጫው እውነተኛ ምርጫ መሆን ከጀመረ፣ ክብደት የሚባለውን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሁሉም ሳይንስ ያደክማል፤ የሚያደክመው ግን የተለያየ ቦታ ነው።

ሒሳብን እንውሰድ። ሃይስኩል ላይ ሒሳብ ጎበዝ የሚባለው ቶሎ የሚያሰላ ነው። ፍሬሽማን ላይም ሊሚት ፈልግ ይባላል፣ ይፈልጋል፣ ቁጥር ያወጣል፣ ያሰምርበታል። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ሪል አናሊሲስ የሚባል ኮርስ ይመጣና ጥያቄው ይለወጣል፤ ሊሚቱ መኖሩን አረጋግጥ። ማንም ሰው ኤፕሲሎን የሚባል የፈለገውን ያህል ትንሽ ቁጥር ቢሰጥህ፣ አንተ ለዚያ የሚሆን ዴልታ እንደማታጣ አሳይ። አንድ ገጽ ተጽፎ ያለቀ መልስ ውስጥ ከሁለትና ከዜሮ በስተቀር ቁጥር ላይኖር ይችላል። ቶሎ በማስላት የኖረው ልጅ እዚህ ላይ ይደነግጣል። በተቃራኒው ሃይስኩል ላይ ዘገምተኛ የነበረ፣ «ግን ለምን?» እያለ መምህር ያሰለቸ ልጅ እዚህ ድንገት ቤቱ የገባ ያህል ይቀለዋል። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

የኬሚስትሪ ድካም እግርና ጣት ላይ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቆሞ፣ ቢዩሬት እየከፈተ እየዘጋ፣ ፌኖልፍታሊን የተጨመረበትን ጠርሙስ እያወዛወዘ የሚፈልገው አንዲት ጠብታ ናት፤ ፈሳሹን ፈዛዛ ሮዝ የምታደርገዋን። አንዲት ጠብታ ካለፈች ቀለሙ ይደምቅና እንደገና ከመጀመሪያ። ይህን የሚወድ ሰው አለ። ይህን እንደ ቅጣት የሚያየውም አለ፤ በወረቀት ፈተና ኤ ቢሰቅልም እንኳ።

ባዮሎጂ ቀላል ይባላል፤ የሚሸመደድ ስለሆነ ነው። ቸካይ ይወደዋል ይባላል። አራት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ የዕፅዋት ቤት ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ደርቀው ወረቀት ላይ የተሰፉ ተክሎች በቁም ሣጥን ተደርድረው ይገኛሉ፤ በዚህ ክምችት ላይ የተመሠረተው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ ያለቀው በ2009 ነው። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አንድ በአንድ ተለይተው፣ ተጽፈው። ሥራውን ከመሩት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ዓለም ያወቃቸው በዚህ ትዕግሥት ነው። በሁለት ተመሳሳይ ቅጠሎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ግማሽ ቀን መስጠት የማያሰለቸው ሰው፣ ፊዚክስ ስለከበደው ብቻ ወደ ባዮሎጂ ከሸሸው ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጣል።

ጂኦሎጂን በተመለከተ አዲስ አበባ በቅርቡ አጭር ኮርስ ወስዳለች። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት ኮንዶሚኒየሞቹን ሌሊት ሌሊት ሲያወዛውዝ፣ የልደታ ሰው ልጁን ታቅፎ ደረጃ ሲወርድ፣ በማግሥቱ ሁሉም ሰው ስለ ስምጥ ሸለቆ ሊያውቅ ፈለገ። የርዕደ መሬት ተመራማሪው ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ ደጋግመው ማስረዳት ነበረባቸው። እሳቸው ያሉበት ተቋም መነሻው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አባ ፒየር ጉዌን አራት ኪሎ ላይ የመሠረቱት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ደባሁ ላይ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ ሲከፈት የዓለም ተመራማሪ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ መጥቶ ነበር። ሌላው አገር ተማሪ በመጽሐፍ የሚያየውን የእኛ ተማሪ በአውቶቡስ ሄዶ ይረግጠዋል። ያም ሆኖ ዲፓርትመንቱ ከፎርሙ ታች ነው። የሚጠይቀው ክብደት መዶሻና ኮምፓስ ይዞ በአፋር ፀሐይ መሄድ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የፍሬሽማን ፈተና አይለካውም።

ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጂኦሎጂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ «ሰላም» የተባለችውን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ። አጥንቶቹ ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው ስለነበር በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት እያነሣ ዓመታት ፈጀ። ግኝቱ በይፋ የወጣው በ2006 ነው። እነዚያ ዓመታት የየትኛው ትምህርት ክብደት ናቸው? በሌላ በኩል አርዲፒቴከስ ካዳባ የተባለውን የጥንት ሰው ዘር ቅሪተ አካል ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የመጀመሪያ ዲግሪው ታሪክ ነው፤ ወደ ባዮሎጂ የዞረው በኋላ ነው። ዲፓርትመንት በር ነው የሚሉ ሰዎች ትንሽ ያጋንናሉ፤ መቃብር ነው የሚሉት ግን ፈጽሞ ተሳስተዋል።

አሁን ወደዚያች ልጅ የመጨረሻ መስመር ልምጣ። ፊዚክስ ከባድ ነው ያለችው ልክ ናት፤ ይከብዳል። የክብደቱ ዋና ምክንያት አንድ ክስተት በአንድ ጊዜ በሁለት ቋንቋ እንዲታሰብ መጠየቁ ነው፤ በሒሳብና በዓይን። ቀመሩን ያወቀ ነገሩን ላያይ ይችላል፤ ነገሩን ያየ ቀመሩን ላይደፍረው ይችላል። ሆኖም ልጅቷ አንደኛ ብላ የጻፈችው ጥቁር አንበሳ ውስጥ ፊዚክስ ተቀምጦ እንደሚሠራ የነገራት የለም።

የጨረር ሕክምናን ነው የምለው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ የካንሰር ታማሚ ከጎንደርም ከጂንካም የሚመጣው ወደዚያ ነበር። ረጅሙን ዘመን የሠራው ኮባልት-60 በሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነው። ኮባልት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በየ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ማሽኑ አዲስ ሳለ አንዲት ታማሚ የሚያስፈልጋትን መጠን ለማግኘት አንድ ደቂቃ ብትተኛ፣ ያው ማሽን ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ ያንኑ መጠን ለመስጠት ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ደቂቃው በየጊዜው መሰላት አለበት። ትንሽ ካነሰ ዕጢው ይተርፋል፤ ትንሽ ከበዛ ጤነኛው አካል ይቃጠላል። ጨረሩ ከቆዳ በታች ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሚደርስ፣ ከየትኛው ማዕዘን ቢመጣ ሳንባን እንደማይነካ የሚያሰላው ሰው ሜዲካል ፊዚሲስት ይባላል። ሐኪሙ ያዛል፤ እሱ ያሰላል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ማሽኑ አይበራም። የልጅቷ ፍላጎት የታመመ ሰው መርዳት ከሆነ መንገዱ በአንደኛው መስመርም በመጨረሻውም በኩል ያልፍ ነበር።

የፊዚክስ ሌላ ፊትም አለ። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ጊዜ ለዓመታት ታስረው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሕንድ ባንጋሎር ሄደው ዶክትሬታቸውን የሠሩት። ተመልሰው አራት ኪሎ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ሰጣቸው። እስር ቤት ያላስተወውን ትምህርት ምን ብለን ከባድ እንደምንለው አላውቅም።

እናትየው «ሥራ ያለበት ይሁን» ማለቷን ግን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ስለ ፍላጎት የሚሰብኩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የቤት ኪራይ የማያሳስባቸው ናቸው። ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ልጅ የሚያስተምር ቤተሰብ ልጁ ሲመረቅ ገቢ ይጠብቃል፤ ሊጠብቅም መብቱ ነው። ችግሩ ቤተሰብ የሚያውቀው የሥራ ገበያ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመቱ መሆኑ ነው። ኢንጂነር ከሆነ ይበላል ሲባል ብዙ ሺህ ልጅ ኢንጂነሪንግ ተመርቆ የኮብልስቶን ቀልድ መጣ። ሐኪም ሥራ አያጣም ሲባል ተመርቀው ምደባ የሚጠብቁ ወጣት ሐኪሞች ታዩ፤ በ2011ም በ2017ም ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ክፍያችን አያኖረንም ብለው አደባባይ ጮኸዋል። በዚህ መሀል ከታች የተጻፈው ስታቲስቲክስ ዝም ብሎ ባንክ፣ የስታቲስቲክስ አገልግሎትና የእርዳታ ድርጅት ሲቀጥሩት ይውላል። ሥራ ያለበትን ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው እንኳ የሰፈሩን ደረጃ ቢከተል አይሳካለትም።

ፍላጎትስ? እዚህ ላይ የምንወድደው አንድ ተረት አለ፤ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ይወዳል፣ ያንን ካገኘ አይደክመውም የሚል። እ.ኤ.አ. በ2018 ፖል ኦኪፍ፣ ካሮል ድዌክና ግሪጎሪ ዋልተን ያወጡት ጥናት ይህን ተረት ፈትኖታል። ተማሪዎቹ ስለ ጥቁር ጉድጓዶችና ስለ ስቲቨን ሆኪንግ አንድ ማራኪ ቪዲዮ አዩ፤ አብዛኞቹ ተማረኩ። ቀጥሎ በዚያው ጉዳይ ላይ ከባድ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ተሰጣቸው። ፍላጎት አብሮ የሚወለድ ነው ብለው እንዲያምኑ የተደረጉት ጽሑፉ ሲከብዳቸው ፍላጎታቸው ፈጥኖ ቀዘቀዘ፤ ለካ የኔ አይደለም አሉ። ፍላጎት እየሠሩት የሚያድግ ነው ብለው ያመኑት የተሻለ ቆዩ። የእኛ ተማሪ ደግሞ በዚህ ላይ ነጥብ ተጨምሮበታል፤ ሲከብደው የኔ አይደለም ብቻ አይልም፣ የኔ አለመሆኑን ግሬዱ ፈረመበት ይላል።

ሰገነት ቀለሙን አስቡ። ፍኖተ ሰላም ተወልዳ፣ ከአካባቢዋ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ዓለማያ የተማረችው እርሻ ነው። የሰፈር ሚዛን እርሻን የት እንደሚያስቀምጠው ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ግን የአንበጣ መንጋ ሰብል ሲጨርስ ያየች ልጅ ነበረች፤ የዕፅዋት በሽታ ጥናት ለእሷ ረቂቅ ነገር አልነበረም። ሞንታና፣ ካንሳስ፣ ኮርኔል፣ ከዚያ ኮሎምቢያ አሥራ አምስት ዓመት፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት። አክሊሉ ለማም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ሞተው የተንሳፈፉ ቀንድ አውጣዎች አየ። ብዙ ሰው ያየውን አይቶ ለምን ሞቱ ብሎ ጠየቀ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ነበሩ። በስሙ የተጠራው የምርምር ተቋም ዛሬም ሰፈረ ሰላም ግቢ ነው፤ ከልደታ በእግር የሚኬድ መንገድ። ዲፓርትመንት የሚሞላ ልጅ ለአንድ ቀን ቢያልፍበት የማይጎዳው ቦታ ነው።

ፎርሙን ከመሙላት በፊት ትምህርቱን ቀርቦ ማየት ደግሞ ብዙ አያስከፍልም። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ ሲኒየር ፈልጎ ወርክሺቱን መለመን ነው። ጥያቄዎቹ ላይገቡ ይችላሉ፤ መግባትም የለባቸውም። ማየት የሚያስፈልገው ጥያቄው ሳይገባ ሲቀር የሚሰማው ነገር ምን እንደሆነ ነው። ወረቀቱን ወርውሮ መነሣት ነው ወይስ ከእራት በኋላ ተመልሶ ማየት? ሲኒየሩን «ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ ሁሉም የራሱን ያማርራል። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ልደታ ያለው ሕንፃ ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ድጋፍ የተከፈተው፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አርክቴክቸር ማማር ስለሚመስላቸው የሚመኙት ብዙ ናቸው፤ ሌሊቱን ካርቶን ሲቆርጡና ሞዴል ሲያጣብቁ የሚያድሩትን ያየ ግን ቢያንስ ምን እንደሚመኝ ያውቃል።

አንድ የፊዚክስ መምህር ልጨምር። በመንግሥት ሃይስኩል ያስተምራል፣ ቤቱ እዚሁ ልደታ ነው። በ70 በ30 ዘመን ከታች በኩል የጻፈው ፊዚክስ ደረሰው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ዲፓርትመንት ለመቀየር ሲለምን አሳለፋቸው፤ አልተቀየረለትም። መጨረሻው ዓመት ላይ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራ ያቆመ ኦሲሎስኮፕ ነበር፤ ቴክኒሺያኑ አንዴ ክፈተውና እየው አለው። ከፈተው። የተቃጠለ ካፓሲተር አግኝቶ ከመርካቶ ገዝቶ ቀየረ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴዋ መስመር ስትወዛወዝ፣ ደብተሩ ላይ ሲጽፋት የኖራትን ሳይን ዌቭ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። «ያኔ ነው ፊዚክስ የተማርኩት» ይላል።

«ዛሬ ፎርሙን ቢሰጡህስ?» አልኩት።

«አንደኛ እጽፈዋለሁ። ደመወዙን ሌላ ሰው ይክፈለኝ እንጂ።»

ደመወዙን የሚሞላለት ማታ ማታ የሚያስጠናው ጥናት ነው። የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ናቸው ተማሪዎቹ፤ ወላጆቻቸው የሚከፍሉት ፊዚክሳቸው ተሻሽሎ ሜዲስን እንዲገቡ ነው። ከልጆቹ አንዱ እየበረታ ሄዶ ያልታዘዘውን ምዕራፍ ሁሉ መሥራት ጀመረ። መምህሩ ደስ ብሎት ለእናትየው ደወለ፤ ልጅዎ ፊዚክስ እየወደደ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቢያስብበት አላት።

«መምህር፣» አለችው ከትንሽ ዝምታ በኋላ፣ «እኛ እኮ ሜዲስን ነው ያልነው።»